ኤ-ሌቭል ፖለቲካ፦ ወላጆችና ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ለንደን ውስጥ ፖለቲካ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የማኅበረሰባችንን ልጆች በጥናት አግዛለሁ። ልጁ 16 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወላጅ ሲያገኘኝ መያዙ አይቀርም። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በር ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት። ልጆቹም የራሳቸው ጥያቄ አላቸው፤ እነሱ በቴክስት ነው የሚልኩልኝ። ሁሉንም አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ወላጅ የጠየቀውን ለወላጅ፣ ተማሪ የጠየቀውን ለተማሪ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የምናገረውም ስለ እንግሊዝ ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ የትምህርት ሥርዓት አላት።

ሲክስዝ ፎርም ምንድን ነው? ፖለቲካስ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?

ከ16 እስከ 18 ዓመት ያለው የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። ልጁ እስከ ጂሲኤስኢ ድረስ (በ16 ዓመት አካባቢ የሚወሰደው ፈተና ነው) ዘጠኝም አስርም ዓይነት ትምህርት ሲማር ይቆያል። እዚህ ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ብቻ ይመርጣል። እነዚያ ሦስቱ ኤ-ሌቭል ይባላሉ። ፖለቲካ ከሚመረጡት አንዱ ነው። ክፍያ የለውም። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ልጅ ጂሲኤስኢ ላይ ፖለቲካ ተምሮ አይመጣም። ስለዚህ መስከረም ላይ ሁሉም እኩል ከዜሮ ይጀምራል። ዘግይተው አገር ለገቡ ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ተብለን ነው ያደግነው። ልጄን ወደዚህ ላስገባ?

ይህን ጥያቄ በቀላሉ አላየውም። እኔም ቤት ነበረ። ፖለቲካ ላጠና ነው ስል እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ቡና እያፈላች ስለ ወንድሟ ነገረችኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። ተማሪ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እሱ የማውቀው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ወላጅ ሲፈራ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የፈራው ሰው አላዋቂ ሆኖ አይደለም። አይቶ ነው።

ግን አንድ ነገር እንለይ። ፖለቲካ ውስጥ መግባት ሌላ ነው፤ ፖለቲካን መማር ሌላ ነው። ልጁ ማንም አባል አያደርገውም። ሰልፍ አይወጣም። የሚማረው ሥልጣን እንዴት እንደሚሠራ ነው። ማን ሕግ ያወጣል? ማን ያስቆመዋል? ፍርድ ቤት መንግሥትን «አይሆንም» ሲል ምን ይከተላል? ኮረንቲን በሩቁ የሚለው ሰው እኮ ቤቱ መብራት አለው። ሽቦው የት እንደሚያልፍ የሚያውቅ ልጅ ከማያውቀው ይልቅ ደኅና ነው።

ሌላም አለ። ልጆቻችን ስለ ፖለቲካ መስማታቸው አልቀረም። በስልካቸው፣ በቲክቶክ፣ ከአራት አቅጣጫ ይሰማሉ። እዚያ ማንም ማስረጃ አይጠይቃቸውም። ክፍል ውስጥ ግን አስተማሪው «ከየት አመጣኸው?» ይላቸዋል።

የመኖሪያ ወረቀታችን ገና አላለቀም። ልጄ ይህን መማሩ ጉዳያችንን ይነካዋል?

እንደ ታሪክና እንደ ጂኦግራፊ ያለ ትምህርት ነው። ልጅዎ የሚጽፈውን የሚያነቡት አስተማሪውና የፈተናው አራሚ ናቸው። ስለ ወረቀቱ ጠበቃዎን ይጠይቁ፤ ስለ ትምህርቱ ግን አይስጉ።

አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባው ዩኒቨርሲቲው ነው። ጥገኝነት ያገኘ ልጅ እንደ አገሬው ተማሪ ይከፍላል፤ የመንግሥት ብድርም ይፈቀድለታል። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያገኝም። ለእንዲህ ያሉ ልጆች ሳንክቹዋሪ ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሁለተኛው ዓመት እስኪደርስ አይጠብቁ፤ ትምህርት ቤቱን ገና በመጀመሪያው ዓመት ያማክሩ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ይማራሉ?

ፈተናውን የሚያወጡት ዋና ዋና ድርጅቶች ሁለት ናቸው፤ ኤዴክሴል እና ኤኪውኤ። ልጅዎ የትኛውን እንደሚወስድ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው። እኔ የማስተምረው ኤዴክሴልን ስለሆነ በእሱ ልሂድ። ይዘታቸው ብዙም አይራራቅም።

የመጀመሪያው ክፍል ስለ ብሪታንያ ዴሞክራሲ ነው። ማን ይመርጣል፣ እንዴት ይመርጣል፣ ፓርቲዎች ገንዘብ ከየት ያገኛሉ፣ ሚዲያው ምን ያህል ተጽዕኖ አለው። እዚህ ላይ ልጆቹን የሚያነቃቸው የ2024ቱ ምርጫ ነው። ሌበር ፓርቲ ያገኘው ድምፅ 33.7 በመቶ ነበር። ከ650 የፓርላማ ወንበሮች ግን 411 ወሰደ። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 14.3 በመቶ አግኝቶ 5 ወንበር ብቻ ደረሰው። ሊበራል ዴሞክራቶች ከእሱ ያነሰ፣ 12.2 በመቶ አግኝተው 72 ወንበር ያዙ። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ክፍሉ ይንጫጫል። «እንዴት ሊሆን ይችላል?» ይላሉ። ምክንያቱ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ብቻ ማለፉ ነው። ሁለተኛ የወጣው ያገኘው ድምፅ ሁሉ የትም አይደርስም። ድምፁ በጥቂት ቦታ የተጠራቀመለት ፓርቲ ያተርፋል፤ በአገሩ ሁሉ የተበተነበት ይከስራል።

ሁለተኛው ክፍል ስለ መንግሥት ነው። ሕገ መንግሥት፣ ፓርላማ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ፍርድ ቤት። ብሪታንያ በአንድ ሰነድ የተጻፈ ሕገ መንግሥት የላትም። ያላት ከብዙ ቦታ የተለቀመ ነው። የ1689ኙ የመብቶች ሕግ አለ፣ የ1998ቱ የሰብአዊ መብት ሕግ አለ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ፣ ማንም ጽፎት የማያውቅ ልማድም አለ። ከሁሉ በላይ የሚቆመው ፓርላማ ነው ይባላል።

«ይባላል» ያልኩት ነገሩ ክርክር ስላለበት ነው። ይህን ለማስረዳት የሩዋንዳውን ጉዳይ የሚያህል ምሳሌ የለኝም። የእኛ ቤተሰቦች በደንብ ያውቁታል፤ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ያጡ ነበሩ። መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ልላክ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2023 ዕቅዱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ፤ ሩዋንዳ ለስደተኞቹ አስተማማኝ አይደለችም አለ። ፓርላማው ምን አደረገ? በሚያዝያ 2024 «ሩዋንዳ አስተማማኝ ናት» የሚል ሕግ አወጣ። በሐምሌ መንግሥት ተለወጠ፤ አዲሱ መንግሥት ዕቅዱን ጣለው። በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ፍርድ ቤት አለ፣ ፓርላማ አለ፣ ምርጫ አለ። ታዲያ የበላዩ ማን ነው? ይህ በቀጥታ የፈተና ጥያቄ ነው። ያን ሰሞን ቤቱ ሲጨነቅ ያየ ልጅ መልሱን ከመጽሐፍ ብቻ አይጽፈውም።

ከሁለቱም ክፍሎች ጋር የፖለቲካ አስተሳሰቦች አብረው ይሰጣሉ። ሊበራሊዝም፣ ወግ አጥባቂነትና ሶሻሊዝም ለሁሉም ግዴታ ናቸው። ከዚያ አንድ ይጨመራል፤ ፌሚኒዝም ወይም ብሔርተኝነት ወይም ሌላ። እንደ ሎክ፣ ሆብስ፣ ቡርክና ማርክስ ያሉ አሳቢዎችን በስም ያጠናሉ። አንድ አባት ልጁ ማርክስን እንደሚያጠና ሲሰማ ደንግጦ ደወለልኝ። «እኛ በውይይት ክበብ በግድ የተጋትነውን?» አለኝ። አይደለም። ያኔ አንድ መልስ ብቻ ነበረ። እዚህ ማርክስም ሆነ ተቃዋሚው እኩል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጁ ሁለቱንም ይመዝናል።

ሦስተኛው ክፍል ወደ ውጭ ያያል። ትምህርት ቤቱ አሜሪካን ወይም ዓለም አቀፍ ፖለቲካን ይመርጣል።

አስተማሪው ልጄን ወደ አንድ ፓርቲ ቢጎትተውስ?

ሕጉ ይከለክላል። የ1996ቱ የትምህርት ሕግ አስተማሪ የአንድን ፓርቲ አመለካከት እንዳይሰብክ፣ አከራካሪ ጉዳይም ሲነሳ ሚዛኑን ጠብቆ እንዲያቀርብ ያዛል። እኔ ማንን እንደምመርጥ ተማሪዎቼ አያውቁም። በየዓመቱ ይገምታሉ፤ ግምታቸውም በየዓመቱ የተለያየ ነው። ደስ ይለኛል። ችግር ያየ ወላጅ መጀመሪያ ከአስተማሪው ጋር፣ ካልሆነም ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ይችላል።

የእኛ ታሪክ እዚህ ትምህርት ውስጥ ቦታ አለው?

አለው። ብዙ ልጆች ይህን ሳያውቁ ፈተና ጨርሰው መውጣታቸው ይቆጨኛል።

የሴቶችን የመምረጥ መብት ትግል ሁሉም ይማራል። በ1918 ዕድሜያቸው ከ30 በላይ የሆነና የንብረት መስፈርት ያሟሉ ሴቶች መምረጥ ቻሉ። በ1928 ደግሞ ከወንዶች ጋር እኩል ሆኑ። በዚህ ትግል ውስጥ የፓንክኸርስት ቤተሰብ ስም አይቀርም። ከልጆቹ አንዷ ሲልቪያ ናት። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር በ1936 ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከር ጋዜጣ ጀመረች። በ1956 ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች። በ1960 ስታርፍ የተቀበረችው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ልጅዎ ስለ እሷ ሲጽፍ ስለ ሩቅ ሰው አይደለም የሚጽፈው።

ብሔርተኝነትን የመረጠ ተማሪ ማርከስ ጋርቬይን ያገኛል። ጃማይካዊ ነው። ጥቁሮች በራሳቸው እንዲኮሩና አፍሪካ አንድ እንድትሆን የታገለ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ለእሱ ትልቅ ምልክት ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ሲሰደዱ ግን በጽሑፉ አምርሮ ተቻቸው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አንድ ሰው ምልክቱን እየወደደ መሪውን ሊነቅፍ ይችላል ወይ? ጥሩ የድርሰት ነጥብ ነው።

ዓለም አቀፍ ፖለቲካን የመረጠ ደግሞ ስለ አካባቢያዊ ድርጅቶች ይማራል። የአፍሪካ ኅብረት ከነዚህ አንዱ ነው። የእሱ እናት የሆነው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1963 የተመሠረተው አዲስ አበባ ላይ ነው። ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፊት የነበረው የመንግሥታት ማኅበርስ? አባል የሆነችውን ኢትዮጵያን ከወረራ አላዳናትም። «ዓለም አቀፍ ሕግ ጉልበተኛን ያስቆማል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን አለው?

አሜሪካን የመረጠም አይቀርበትም። ዲቪ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ዲቪን የፈጠረው ኮንግረስ ነው፤ በ1990 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ዘመዶች ደግሞ የሚገርም ነገር ላይ ተቀምጠዋል። ከተማዋ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ 3 የመራጭ ድምፅ አላት። ኮንግረስ ውስጥ ግን ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የላትም። ልጆቹ ለአጎታቸው ደውለው ይህን ሲጠይቁት ነገሩ ከመጽሐፍ ይወጣና ሕይወት ይሆናል።

አንድ ምክር ልጨምር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በፈተናው ላይ የለም። ለማነጻጸር ግን ይረዳል። የብሪታንያው ያልተጠቃለለ ነው፤ የእኛው በ106 አንቀጽ የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ የተወካዮች ምክር ቤትም በአንቀጽ 54 መሠረት የሚመረጠው እንደ ብሪታንያ በአብላጫ ድምፅ ነው። አንቀጽ 39 ስለ መገንጠል የሚለውን የሰማ ልጅ፣ በ2014 ስኮትላንድ 55 ለ45 በሆነ ውጤት «አንገነጠልም» ያለችበትን ሕዝበ ውሳኔ በሌላ ዓይን ያየዋል። የኢትዮጵያውን ድርሰቱ ውስጥ ማስገባት አያስፈልገውም። ጭንቅላቱ ውስጥ መኖሩ ይበቃል።

ፈተናው እንዴት ነው? ለምንድን ነው ብዙ አውቄ ትንሽ የማገኘው?

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሦስት ወረቀት ትፈተናላችሁ። እያንዳንዱ 2 ሰዓት ነው፤ ከ84 ይታረማል። የቤት ሥራ ተቆጥሮ የሚያዝ ነጥብ የለም። ሁሉም ነገር በእነዚያ 6 ሰዓታት ውስጥ ያልቃል። እጃችሁ ሳይደክም 2 ሰዓት መጻፍ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል።

ትልልቆቹ ድርሰቶች ከ30 ይታረማሉ። 10 ለእውቀት፣ 10 ለትንተና፣ 10 ለፍርድ። ከ24 የሚታረመው የአስተሳሰብ ድርሰትም በሦስት እኩል ይከፈላል፤ እሱ ላይ ቢያንስ 2 አሳቢዎችን ካልጠራችሁ ውጤቱ ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ቅዳሜ ቅዳሜ የማያቸው የእኛ ልጆች እውቀት ላይ ችግር የለባቸውም። ያነባሉ፤ ይሸመድዳሉ። የሚጎድላቸው ሦስተኛው ነው። «በአንድ በኩል እንዲህ ይባላል፣ በሌላ በኩል እንዲህ ይባላል» ብለው ይጽፉና ያቆማሉ። «ያንቺስ ፍርድ?» ስል ዝም። አንዷ ተማሪዬ «እኔ ማን ነኝ ብዬ ነው እንዲህ የምለው?» አለችኝ። ገባኝ። ትልቅ ሰው ፊት ሐሳብ መስጠት ድፍረት ነው ተብላ ነው ያደገችው። መከባበሩ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። አራሚው ግን ሽማግሌ አይደለም። የእናንተን ውሳኔ ሊሰማ ነው የተቀመጠው።

ደግሞ ይህ ለባህላችን እንግዳ ነው ያለው ማን ነው? የቀድሞ ሰዎች ሙግት ሲገጥሙ «በልሃ ልበልሃ» ይባባሉ ነበር። ዛፍ ሥር፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ ነጥቡን ያቀርባል፣ ሌላው ያንኑ ነጥብ ይዞ ያፈርሳል። ነገር የሚያውቅ ሰው የተከበረ ነበር። የ30ው ድርሰት ከዚህ ብዙም አይርቅም። የተቃዋሚያችሁን ምርጥ ነጥብ አንሡ። ደካማውን አይደለም፤ ምርጡን። ከዚያ ለምን እንዳላሳመናችሁ በማስረጃ አሳዩ። ይህንንም መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር አትወርውሩት። በየአንቀጹ አድርጉት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ወዴት እንደምትሄዱ ተናገሩ፤ መጨረሻው ላይ እዚያው ድረሱ።

ምሳሌ ልስጥ። ጥያቄው «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከልክ ያለፈ ሥልጣን አለው ወይ?» ይሁን። ደካማ ተማሪ የሥልጣኖቹን ዝርዝር ይጽፋል። ጎበዟ ግን የቀድሞዋን ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስን ታነሳለች። በ2022 ሥልጣን ላይ የቆየችው 49 ቀን ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ያላት ሥልጣን ግን ከእሷ በፊት ከነበሩት አላነሰም። እንግዲህ ወንበሩ ሳይሆን የፓርቲው ድጋፍና የኢኮኖሚው ሁኔታ ናቸው የሚወስኑት ብላ ትፈርዳለች። ይህ ፍርድ ነው።

እንግሊዝኛዬ ገና ነው። ይከብደኛል?

መጀመሪያ ላይ አዎ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ብዙ የሚጻፍበት ትምህርት ነው። የመጣችሁት ከአንድ ዓመት በፊት ከሆነ አስተማሪውን አነጋግሩ፤ ቋንቋውን ትንሽ አጠናክሮ በሚቀጥለው ዓመት መግባትም ነውር የለውም። ከሦስት ዓመት በላይ ከቆያችሁና ዜና የምትከታተሉ ከሆነ ግን ይቻላል።

የሚያስቸግረው የትምህርቱ ቃላት ናቸው። አንድ ደብተር ያዙ። ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ ትርጉሙን በአማርኛ፣ ከጎኑ አንድ እውነተኛ ምሳሌ። በሳምንት 10 ቃል በቂ ነው። ሌላው በየቀኑ አንድ ዜና ማንበብ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ላይ። አንዱን ቀን ግራ ዘመም ጋዜጣ፣ ሌላውን ቀን ቀኝ ዘመም፣ ስለ አንድ ጉዳይ። ልዩነቱን ስታዩ ትምህርቱ ግማሽ ገባችሁ ማለት ነው።

እኔ ሐኪም እንዲሆን ነው የምፈልገው። ፖለቲካ ምን ያደርግለታል?

ሕክምና የሚፈልግ ልጅ ኬሚስትሪ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ቦታ ባዮሎጂም። ሦስተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ምርጫ ነው። ስለዚህ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ፖለቲካ ይዞ ማመልከት ይቻላል። ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ሒሳብና ፊዚክስ ይያዝ፤ ሦስተኛው ላይ ያስብበት። ለሕግ ትምህርት ግዴታ የሆነ ኤ-ሌቭል በአብዛኛው የለም፤ ድርሰት የሚያጽፍ ትምህርት ግን ይወደዳል። ፖለቲካን በዩኒቨርሲቲ ለማጥናትም ኤ-ሌቭል ፖለቲካ ብዙ ቦታ ግዴታ አይደለም። ጋዜጠኝነት፣ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር)፣ የመንግሥት ሥራ፣ የእርዳታ ድርጅት፣ ሁሉም ጋር ይሄዳል።

ከዚህ ይልቅ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ልጁ ሲያወራ ዓይኑ የሚያበራው ስለ ምንድን ነው? ሁለት ዓመት ያልወደደውን ያጠና ልጅ ውጤቱ ያሳብቃል።

ለመግባት ምን ውጤት ይጠይቃሉ?

እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል። ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ወይም በታሪክ ጂሲኤስኢ ከ9 5 ወይም 6 ይፈልጋሉ። ድረ ገጻቸው ላይ አለ። በነሐሴ ውጤት ሲወጣ አንድ ነጥብ ቢጎድል ተስፋ አትቁረጡ፤ ያኑ ቀን በአካል ሂዱና አነጋግሩ።

ዜግነት ሳይኖረኝ ስለ ምርጫ መማር ምን ይጠቅመኛል?

ይህን የጠየቀኝ ልጅ እያዘነ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ጓደኞቹ ማንን እንደሚመርጡ ያወራሉ። ናይጄሪያዊውና ጋናዊው ጓደኞቹ የብሪታንያ ፓስፖርት ሳይኖራቸው 18 ሲሞላቸው መምረጥ ይችላሉ። እሱ አይችልም። ለምን? እዚህ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የኮመንዌልዝ (አብዛኞቹ የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የሆኑ አገሮች ማኅበር) አገር ዜጋ ለፓርላማ መምረጥ ይችላል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ስኮትላንድና ዌልስ ቢኖር ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ለአካባቢውና ለራሳቸው ፓርላማ መምረጥ ይችላል። ዕድሜውም እዚያ 16 ነው። የብሪታንያ መንግሥት በሐምሌ 2025 ለጠቅላላ ምርጫም ወደ 16 እንደሚያወርደው አስታውቋል።

«ይህ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም?» አልኩት። ሁለት ገጽ ጻፈ። የዓመቱ ምርጥ ድርሰቱ ነበር። ድምፅ የሌለው ሰው ስለ ድምፅ ብዙ ያውቃል።

እኔ እንግሊዝኛ ብዙ አልችልም። ልጄን በምን ልርዳው?

በአማርኛ ይጠይቁት። ቡናው ላይ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብለው አያቁሙ። «አንተስ ምን ትላለህ? ለምን?» ይበሉት። የማይስማሙበትን ሲናገር አይቆጡት፤ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ይበሉት። በአማርኛ ያስረዳውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ይቀለዋል። እርስዎም ያዩትን ይንገሩት። የመጀመሪያው የምርጫ ካርድዎን ያገኙበትን ቀን፣ ወይም ያላገኙበትን። ከእኔ ክፍል የማያገኘው ትምህርት ያ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሆም ኦፊስን (የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ እያነበበ የሚተረጉምልዎት እሱ ነው። ካውንስል ስለ ቤቱ ሲጽፍ መልሱን የሚጽፈው እሱ ነው። የፓርላማ አባሉ ሕዝብ በሚቀበልበት ሰዓት አብሮዎት ሄዶ ያስተረጎመው እሱ ነው። መንግሥትን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ሲያናግር ኖሯል። ይህን ለልጅዎ ይንገሩት፤ እሱ እንደ ሸክም እንጂ እንደ እውቀት አይቆጥረውም።

ከመስከረም በፊት የት ልውሰደው?

ፓርላማ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ የሕዝብ መቀመጫው ላይ ቁጭ ብሎ ማየት በነፃ ነው። በር ላይ እንደ ኤርፖርት ፍተሻ አለ። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄ የሚመልሱበት ሰዓት ብዙ ሰው ስለሚፈልገው፣ የአካባቢዎን የፓርላማ አባል አስቀድመው ትኬት ይጠይቁ፤ እሱም ነፃ ነው። ፓርላማው ለዕረፍት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ቀኑን ከመሄድዎ በፊት ያረጋግጡ።

ሲወጡ ወዲያው ወደ ባቡር አይሂዱ። ከሕንፃው ጎን ወንዙ ዳር የቪክቶሪያ ታወር መናፈሻ አለ። እዚያ የኤመሊን ፓንክኸርስት ሐውልት ቆሟል፤ የሲልቪያ እናት። ልጁን እዚያ ያቁሙትና ልጇ ሥላሴ ግቢ እንደተቀበረች ይንገሩት። ከዚያ ምን እንደሚጠይቅዎት ይስሙት።